ሁለተኛው ሻማ

ኦምካር የሞተው በጠዋት፣ ናርማዳ ወንዝ ወርዶ ተጣጥቦ ሲመለስ፣ ጀልባ የሚታሰርበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መስሎት ነበር። ባዶ እግሩን መሆኑን ያስተዋለው አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ቀርቦ ትከሻውን ቢነካው ወደ ጎን ዘንበል አለ።

ወሬው ቤት ሲደርስ ሚስቱ ኩሙድ የቁርሱን ቂጣ ሊጥ እያሸች ነበር። የነገሯትን ሰማችና «እሺ» አለች። እጇን ታጠበች፣ ሊጡ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረገችበት፣ ከዚያ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲያ የመጣውን ሁሉ ያሳለፈችው በዚያችው «እሺ» ነው። ሴቶች መጥተው የእጇን የመስታወት አምባር ሲሰባብሩት እሺ፤ ከግንባሯ ላይ የባለትዳር ምልክት የሆነችውን ቀይ ነጥብ ሲያብሱባት እሺ፤ የሐዘን ነጭ ሳሪ ሲያለብሷት እሺ።

«ኧረ ታልቅስ! አስለቅሷት እንጂ!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ሐዘን እኮ ካልወጣ ሆድ ውስጥ ይሻግታል።»

ኩሙድ ሰው እንዳይቀየማት ብላ የሳሪዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ከጨርቁ ስር ዓይኗ ደረቅ ነበር። ቤቱ በዋይታ ሲናጥ እሷ የምታስበው ሊጡን ነው፤ እስካሁን ኮምጥጦ ይሆናል፣ ማን አውጥቶ ይጥለው ይሆን?

ክፉ ትዳር ስለነበራቸው አይደለም። ሁለቱም እዚያው ከተማ በሴቶች የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ እሷ ሂንዲ፣ እሱ ሳይንስ፣ ማለትም ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም ባንድ ላይ። ከተማው በሙሉ «ማስተርጂ»፣ መምህራችን፣ እያለ ነው የሚጠራው። የወደቀ ነገር አይቶ የማያልፍ ሰው ነበር። መርፌው የወለቀ የሐኪም ቤት ስሪንጅ፣ የተቀደደ የብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከሞተ ሬዲዮ ሆድ የወጣ ማግኔት፣ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ሁሉን ለቃቅሞ ክፍል ይወስድና ልጆቹን ጉድ ያሰኛቸዋል። ልጆቹ ይሞቱለት ነበር። ኩሙድም ትወደው ነበር። መውደዷን አሁንም ታውቃለች፤ ግን የምታውቀው የሩቅ አገር ዋና ከተማ ስም እንደሚታወቅ ነው፤ ቢጠይቋት ትመልሳለች፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

የሐዘኑ ሥርዓት አልቆ ትምህርት ቤት በተመለሰች ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ናምዴቭ ቢሮው አስጠራት። ደግ ነገር ግን አፉ የሚቀድመው ሰው ነው።

«እህቴ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል። አዲስ የሳይንስ መምህር ጠይቀናል፤ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። እስከዚያ ስምንተኛ ክፍልን እርስዎ ይያዙልኝ።»

«እኔ ሳይንስ አላውቅም።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ከማስተርጂ ጋር አንድ ቤት ኖረው? ትንሽ እንኳን አልተጋባብዎትም?» አለና ሳቀ። ወዲያው ያለው ነገር ገብቶት አፉን በእጁ ያዘ።

«እሺ» አለች ኩሙድ።

የስምንተኛ ክፍል ልጆች ስትገባ ብድግ አሉ። ጥግ ላይ የኦምካር ቆርቆሮ ሳጥን እንደተዘጋ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። ኩሙድ መጽሐፉን ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። «አሲድ ማለት … ቤዝ ማለት …» ድምጿ የራሷ አልመስልሽ አላት፤ የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ይመስላል። አንድ ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን ስትገልጥ ከመሃል አንዲት እጅ ወጣች። ሩክሳር ናት፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፤ ምላሷ እንደ አባቷ መቀስ የሚሮጥ።

«ዲዲ» አለች፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው፣ ልጆቹ ሴት መምህርን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩት። «ዲዲ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ሳይንስ እኮ አይነበብም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ይነካካል።»

ክፍሉ ሊስቅ አለና ፈራ። ኩሙድ መጽሐፉን ዘጋችው። «እንግዲያው ነካኩ» አለች። ቁጣም ፈቃድም አልነበረበትም፤ እንዲያው አለችው።

ሳጥኑን የከፈተችው ሬዋ ናት። ሬዋ የዚያ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነገርን ሁለት ጊዜ ሳታይ የማትምል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከእጇ መዳፍ እኩል ታውቀዋለች። እርዱን አወጣች፣ በጥብጣ ወረቀት ነከረችበት፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆነ። ሩክሳር የሳሙና ውሃ ጠብ ስታደርግበት እንደ ደም ቀላ። ከዚያ ሎሚ፤ ተመልሶ ቢጫ። ልጆቹ ይህን አምና ከማስተርጂ ጋር ሠርተውታል፤ ግን ለአዲሷ መምህር ለማሳየት ሲሽቀዳደሙ የረሱትን ደስታ መልሰው አገኙት። አንዷ የእርዱን ሳህን ስትገፋ ሌላዋ የሳሙናውን ስትስብ፣ ሁለቱ ሳህኖች ተጋጭተው ኩሙድ ላይ ተደፉ።

ነጩ ሳሪዋ ላይ፣ ጉልበቷ አካባቢ፣ ቢጫው ውሃ ሰፋ፤ ሳሙናው ሲደርስበት ደግሞ ዓይናቸው እያየ ቀላ። የአገሩ ሙሽራ እንደምትለብሰው የደመቀ ቀይ፣ ባል በሞተባት ሴት ነጭ ሳሪ ላይ!

የደፋችው ልጅ ወደ ኋላ ሸሸች። «ዲዲ … ዲዲ፣ እኔ …»

ኩሙድ ቀዩን አየችው። እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሊሰማት እንደሚገባ ገባት። ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

«ሎሚ ተርፏል?» አለች።

«አለ፣ ዲዲ።»

ሬዋ ሎሚውን ሰጠቻት። ጨመቀችበት። ቀዩ ከዳር ወደ መሃል እየሸሸ ቢጫ ሆነ። «ተመለሰ» አለች ኩሙድ። ልጆቹ ተነፈሱ። ሩክሳር ብቻ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ፣ «አላልኳችሁም? ይነካካል» አለች።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ልጆቹ ማስተርጂ ያስተማራቸውን ለእሷ ያስተምሯታል፣ እሷ ደግሞ ማታ መጽሐፉን ታነባለች። አንድ ቀን ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ደረደሩ፤ አንዱ የጉድጓድ ውሃ፣ አንዱ ሙቅ፣ መሃለኛው ለብ ያለ። አንድ እጅሽን ቀዝቃዛው፣ አንድ እጅሽን ሙቁ ውስጥ አቆይተሽ ሁለቱንም ለብ ያለው ውስጥ ስትከቺ፣ አንዱ እጅ ሞቀኝ፣ ሌላው በረደኝ ይላል። «ሰውነት ቴርሞሜትር አይደለም፣ ይዋሻል» አለቻት ሬዋ፣ የማስተርጂን አነጋገር ይዛ። ኩሙድም እጆቿን ከተተች።

«እህ፣ ዲዲ? ምን ተሰማዎት?»

«እንደ እናንተው» አለች ኩሙድ። እውነቱን ብትጠየቅ፣ ውሃ መሆኑን ብቻ ነበር ያወቀችው።

ቤት ውስጥ አማቷ ጋንጎትሪ አለች። አሮጊት ናት፣ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋና ምላሷ ግን አልደከሙም። ኦምካር አንድ ልጇ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፎቶው ስር ተቀምጣ ታወራዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ ታለቅስለታለች፤ ካለቀሰች በኋላ በደንብ ትበላለች። ምራቷ አለማልቀሷን አይታ ምንም አላለችም። አንድ ቀን ብቻ ጎረቤቷ ስለዚሁ ስትነካካ «የኔ እንባ ለሁለት ይበቃል» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ናምዴቭ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ለማስተርጂ የመታሰቢያ ቀን ይደረጋል። የወረዳው የትምህርት ኃላፊ ይጋበዛል፣ የድሮ ተማሪዎች ይጠራሉ። ግቢው ግድግዳ ላይ ደግሞ የማስተርጂ ዝነኛ ሙከራ በቀለም ይሣላል። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም፤ በከተማው የሻማውን ሙከራ የማያውቅ የለም። ውሃ ያለበት ሳህን መሃል ሻማ ታቆማለህ፣ ትለኩሳለህ፣ ብርጭቆ ትደፋበታለህ። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ኦምካር ይህን በየዓመቱ አንዴ ይሠራና እጁን አጨብጭቦ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል ይናገራል፦ «እሳት ኦክስጅኑን በላ፣ ውሃ ቦታውን ወረሰ!» ሠዓሊው ይህንኑ ቃል በትልልቁ ከሥዕሉ በታች ጻፈው።

«ልጆቹ መድረክ ላይ ይሠሩታል፣ እርስዎ ሁለት ቃል ይናገራሉ፣ አለቀ» አላት ናምዴቭ።

«እሺ» አለች ኩሙድ።

ልምምዱ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። የዚያን ሰሞን መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግር ሁሉም ቤት የሻማ ቁራጭ ሞልቷል፤ ልጆቹም ከየቤታቸው እፍኝ እፍኝ አመጡ። ሬዋ ሙከራውን አንዴ ሠራች፤ ውሃው የወጣበት ላይ ብርጭቆውን በጎማ ቀለበት ምልክት አደረገች። ከዚያ ዝም ብላ ሳህኑን ታይ ጀመር።

«ምን ሆንሽ? ሻማው ላይ ጸሎት ያዝሽ እንዴ?» አለች ሩክሳር።

«ሁለት ብናደርገውስ?»

«ሁለት ምን?»

«ሻማ።»

ሁለት ሻማ ጎን ለጎን አቁመው ያንኑ ብርጭቆ ደፉበት። ሁለቱም ጠፉ። ውሃው ወጣ፤ የጎማውን ምልክት አልፎ ሄደ።

«በቃ፣ ሁለት ሲሆኑ ብዙ በሉ» አለች ሩክሳር። «ምን ይደንቃል?»

«ምኑን ነው የሚበሉት?» አለች ሬዋ። «ብርጭቆው ያው ነው። አየሩም ያው ነው። አንድ ቂጣ ካለሽ ብቻሽን ብትበዪው ከእኔ ጋር ብትበዪው ያው አንድ ቂጣ ነው። እኔ ስለመጣሁ ሁለት ይሆናል?»

«አንቺ ከመጣሽማ አንዱም አይበቃ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ሬዋ ግን አልሳቀችም። ሦስተኛ ሻማ ጨመረች። ውሃው ከበፊቱም አለፈ። አሁን የሚስቅ ጠፋ። ሁሉም ሳህኑ ላይ ተደፉ። ደጋግመው ሲያዩት ሌላ ነገር ደግሞ አዩ፦ ብርጭቆው ሲደፋ ከከንፈሩ ስር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ያመልጣል፤ ሻማው እየነደደ ሳለ ውሃው እምብዛም አይነቃነቅም፤ የሚወጣው ከጠፋ በኋላ ነው፣ ተስገብግቦ።

«እየበሉ ሳሉ ካልወጣ፣ ከበሉ በኋላ ለምን ይወጣል?» አለች ሬዋ። ቀና ብላ ኩሙድን አየቻት። ሁሉም አዩአት።

ኩሙድ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሩቅ፣ በጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ሰው፣ አንድ ነገር ወደ እሷ ሲመጣ ታወቃት። በትዳራቸው መጀመሪያ ሰሞን ነው። የብረት ኩባያዎችን በፈላ ውሃ አጥባ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ትደፋለች። ቆይታ ልታነሳቸው ስትል ድንጋዩን ጠብቀው ይይዛሉ፤ ሲላቀቁ ጧ ይላሉ፣ ከስራቸው ውሃ ተስቦ ገብቷል። ይህን ሁልጊዜ ታያለች። አንድ ምሽት ኦምካር የሻማውን ሙከራ አድርጎ ተደስቶ በገባ ቀን ጠየቀችው፦ «ኩባያው ውስጥ እሳት የለም። ታዲያ ውሃውን ምን ሳበው? ያንተንስ ብርጭቆ ውሃ የሚስበው ሙቀቱ ይሆን እንዴ?» ኦምካር ሳቀ። በክፋት አልሳቀም፤ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ «ሳሙና ነው ያጣበቀው። አንቺ ግጥምሽን አስተምሪ፣ ሳይንሱን ለእኔ ተይልኝ» አላት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

ከወንበሯ ተነሳች። ምሳ ከሚበስልበት ዳስ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አስመጣች። ብርጭቆው እንዳይሰነጠቅ ማንኪያ ጣል አድርጋበት ቀስ ብላ ሞላችው፤ ትንሽ አቆይታ ውሃውን ደፋችውና ባዶውን ብርጭቆ፣ እንደጋለ፣ ሳህኑ ውሃ ላይ ከነበለችው። ሻማ የለ፣ እሳት የለ። ጠበቁ።

ውሃው ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ።

«ሙቀት ነው» አለች ኩሙድ። «አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ያመልጣል። አረፋውን አይታችሁታል። ሲቀዘቅዝ የቀረው ይሰበሰባል፣ ውሃው የጎደለውን ሊሞላ ይገባል። ሻማው ሲበዛ ሙቀቱ በዛ፣ ያመለጠውም በዛ። ውሃውን የሚያስወጣው በአብዛኛው ይሄ ነው።»

«ታዲያ ማስተርጂ …» አለች ሩክሳር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም። ከጀርባ አንዷ ልጅ ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሬዋ እጇን ከሳህኑ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበችው። «ዲዲ፣ በእናቴ ይሁንብኝ፣ እሳቸውን ላሳንስ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ኩሙድ ውስጧን ፈለገች። ያ የለመደችው ባዶ ቦታ እንደነበረ ነው፤ ግን ወለሉ ላይ አንድ ትንሽ፣ ደረቅ ነገር አገኘች፣ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር። ሐዘን አልነበረም። «ነግሬው ነበር» የሚል ነገር ነበር።

ወሬው እስከ ማግስቱ ናምዴቭ ጆሮ ደረሰ። ቢሮው አስገብቷት በሩን ዘጋ።

«እህቴ፣ ልክ ነው አይደለም አልልም፣ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ግድግዳው ተሥሏል! ካርዱ ተበትኗል! የሞተ ሰው ላይ ማን እርማት ያወጣል? ለአንድ ቀን አንዲት ሻማ ትለኮስ። ሳይንሱ የትም አይሄድ፣ በነጋታው ይደርሳል።»

«እሺ» አለች።

ለልጆቹም ነገረቻቸው። አንድ ሻማ ነው፣ የማስተርጂ ቃል ይነገራል፣ በቃ። ሬዋ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ስትወጣ በሩ ጋ ቆም አለችና፣ «እሳቸው ራሳቸው 'እኔ ስላልኩት አትመኑ፣ ሠርታችሁ እመኑ' ይሉን ነበር እኮ፣ ዲዲ» አለች።

«እናንተን?»

«አዎ። ሁልጊዜ።»

«እናንተንማ ይላችኋል» አለች ኩሙድ። ሬዋ አልገባትም፤ ሰላምታ ሰጥታ ሄደች።

የዚያን ቀን ማታ ራት በልተው ኩሙድ ዕቃ ስታጥብ አማቷ ከፎቶው ስር ሆና ታዳምጣታለች። ኩሙድ እጇን ሳታቋርጥ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ኦምካር ልጅ ሳለ ተሳስተሃል ሲሉት ምን ያደርግ ነበር?»

«ማን ደፍሮ ይለዋል? አንድ ለናቱ ነው። አባቱ እንኳ በሒሳብ ሲሳሳት እያየ 'ጎበዝ' ይለው ነበር።» አሮጊቷ ትንሽ አሰበች። «አንዴ አክስቱ ብትለው ጊዜ ጣራ ላይ ወጥቶ እስኪመሽ አኮረፈ። በወተት በተቀቀለ ሩዝ ነው ያወረድነው። ምነው፣ ተሳስቶ ተገኘ እንዴ?»

ኩሙድ ነገረቻት። ስለ ሻማዎቹ፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ኩባያዎቹም። አሮጊቷ ስለ አየር የተባለው ገባት አልገባት አይታወቅም፤ የኩባያዎቹ ጉዳይ ግን ገብቷታል።

«ሳሙና ነው አለሽ?»

«ሳሙና ነው አለኝ።»

«እና ተውሽለት።»

«ተውኩለት።»

«እኔም ሁሉን ተውኩለት» አለች ጋንጎትሪ። «እንግዲህ ሁላችንም ተሰብስበን ነው ያጠፋነው።» ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ኩሙድ እጇን በሳሪዋ ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን አሻሸቻት። ራሷ አላለቀሰችም።

የመታሰቢያው ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የኦምካር ፎቶ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ለብሶ መድረክ ላይ ቆመ። የትምህርት ኃላፊው ዘግይቶ መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ስልኩን ማየት ጀመረ። ጋንጎትሪ ከፊት ተቀመጠች። የድሮ ተማሪዎች ሕፃኖቻቸውን ታቅፈው መጥተዋል። ንግግር ተደረገ፤ ማስተርጂ መብራት ነበሩ፣ ማስተርጂ ወንዝ ነበሩ። ከዚያ ሬዋ አንድ ሻማ ለኮሰች፣ ብርጭቆ ደፋች፤ ውሃው ወጣ። ሩክሳር፣ ድምጿ ያለወትሮው ቀጥኖ፣ «እሳት ኦክስጅኑን በላ፣ ውሃ ቦታውን ወረሰ» አለች። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንዱ ሰው ዓይኑን ጠረገ።

ቀጥሎ የኩሙድ ተራ ነበር። ሁለት ቃል ተዘጋጅቶላታል፤ አመሰግናለሁ የሚል ነው። ድምፅ ማጉያው ጋ ቆመች። ሰዉን አየች፣ ፎቶውን አየች። በፎቶው ላይ ኦምካር ያንን ሳቁን ይዟል። ያቺ ጠጠር ቆረቆረቻት።

«አንዴ ደግመን እንየው» አለች። «ሬዋ፣ ሁለተኛ ሻማ አምጪ።»

ናምዴቭ ሳል ያዘው። ሻማው ከሬዋ ኪስ ወጣ። ምንጊዜም ይዛው ነበር ማለት ነው። ሁለቱን አቆመች፣ ለኮሰች፣ ደፋች። ውሃው ከጎማው ምልክት በላይ ወጣ። ሦስተኛ ጨመሩ። ከዚያ ኩሙድ ሙቅ ውሃ አስመጥታ ሻማ የሌለበትን ብርጭቆ አሳየች፤ ለምን እንደሆነም ለስምንተኛ ክፍል እንዳስረዳችው አድርጋ አስረዳች። ብዙው ሰው ምን እንደተባለ አልገባውም። የትምህርት ኃላፊው ከስልኩ ቀና አላለም። ከኋላ ግን አንዲት የድሮ ተማሪ፣ አሁን ፖሊስ የሆነች ወጣት፣ ተነሳች።

«ዲዲ፣ ማስተርጂ ተሳስተው ነበር እያሉን ነው?»

«አዎ። በዚህ ተሳስቶ ነበር» አለች ኩሙድ። «እኔም ነግሬው ነበር።»

ጉርምርምታው ገና ሊነሳ ሲል ከፊት ረድፍ ጋንጎትሪ ጣቷን ወደ ፎቶው ቀስራ፣ «እዩት! እዩት እንግዲህ! አሁን አኩርፏል!» አለች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። አንዳንዱ አብሯት ሳቀ። ሌላው ተቆጣ። አንዲት ሴት ባሏን ይዛ ስትወጣ ጮክ ብላ «ድሮም አላለቀሰችለትም!» አለች። ኩሙድ ሰማቻት። ልክ ናት፣ አላለቀሰችም።

ናምዴቭ ለብዙ ቀን አላናገራትም። ግድግዳው ላይ ያለው ቃል አልተፋቀም። አንድ ጠዋት ግን ከስሩ በከሰል «ሁለት ሻማ ቢሆንስ?» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ናምዴቭ በኖራ አስቀባው። ተመልሶ ተጻፈ፤ የእጅ ጽሑፉ የሬዋ አልነበረም፣ የሩክሳርም አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጻፍ ናምዴቭ ኖራ ማስመጣት ሰለቸው።

ብርዱ ሲገባ አዲሱ የሳይንስ መምህር ተመደበ። ከትልቅ ከተማ የመጣ ትሑት ወጣት ነው፤ ሲያዩት ገና የራሱን ደብተር የሚሸከም ይመስላል። ኩሙድ ናምዴቭ ዘንድ ገባችና ስምንተኛ ክፍልን አልለቅም አለች።

«ታዲያ ሂንዲውን ማን ያስተምርልኝ?»

«ግማሹን እኔ። ግማሹን እሱ ይሞክር። ግጥም አይገድለውም።»

«'እሺ' ይሉ የነበሩት ሴትዮ የት ሄዱ?» አለ ናምዴቭ። ግን ፈቀደ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ አሸዋና ጨው የተቀላቀለበትን ውሃ ሊያጠሩ ተዘጋጁ። ጨርቅ አለ፣ ጠርሙስ አለ፣ ማጥለያ ቀረ፤ ኦምካር ከፕላስቲክ ጠርሙስ አናት የቆረጠው አንድ ማጥለያ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የለም። ሬዋ ከመደርደሪያው ስር ፈለገች፣ የለም። ኩሙድም ፈለገች። እጇ አሸዋ እንደሆነ ቀና አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፣ ወደ መምህራን ክፍሉ በኩል፣ እና «ኦምካር፣ ያቺን ማጥለያ የት—» አለች።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ልጆቹ ሁሉ ሰሙ።

ኩሙድ ፊቷ ወደ በሩ እንደዞረ ቆመች። ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ ነበር። የአዲሱ መምህር ሳል ከሩቅ ይሰማል። በአቅራቢያዋ ያገኘችው ወንበር ላይ፣ በልጆቹ መሃል፣ ቁጭ አለች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር በዝግታ ዞረ፤ አመማት። ሕመሙን አወቀችው፤ ሕመም መሆኑን አወቀች። ዓይኗን አልሸፈነችም፣ እንባም አልመጣም።

ሩክሳር ተነስታ በሩን ዘጋችው። ሬዋ አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አነሳች፣ መቀስ ተቀበለች፣ አናቱን ቆረጠችው፣ ስለቱ እንዳይቧጭር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ዲዲ፣ እንቀጥል ወይስ እንጠብቅዎት?» አለች ቀስ ብላ።

«ቀጥሉ» አለች ኩሙድ። «እዚሁ ነኝ። እያየሁ ነው።»